ያቺን ትርፍ ከኋላ እሰራት

(የካ አባዶ፣ የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ፤ ቅዳሜ ረፋድ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሚኒባስ ቆሟል። ሟቹ ቱሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያመላልሱበት የኖሩት ታክሲ ነው። ልጃቸው ዱሬሳ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ቡታጋዝና መጋረጃ አስገብቶበት ቤት አድርጎታል። ዛሬ እናቱን እማማ ዳርቱን በእንጦጦ በኩል ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሰላሌ ሊወስዳቸው ነው። እማማ ዳርቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከደጅ ወጥተው አያውቁም። «እሱ በነዳት መኪና ከሆነ እሺ» ካሉ ጀምሮ ግን ዱሬሳ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ እየፈራ እንቅልፍ አጥቷል። እማማ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ሰርክ ሲግናል፣ ወላጆቿ ቤት አድራለች፤ በመንገድ ላይ ትሳፈራለች። የሰርክ ወንድም ፍሥሐ ደግሞ ሊሸኛቸው በትንሿ መኪናው ከዚያው ከሲግናል መጥቷል። እየተጨቃጨቁ ነው። ፍሥሐ በየመሀሉ እንትፍ ይላል።)

ፍሥሐ፦ አይሆንም አልኩህ እኮ! ያቺ ትርፍ ከሰው ጋር ውስጥ አትቀመጥም። አለቀ!

ዱሬሳ፦ (መጋረጃውን በዓይኑ እያመለከተ) ቀስ በል አንተ! ትሰማለች።

ፍሥሐ፦ ማን ናት የምትሰማው?

ዱሬሳ፦ እሷ ናታ! ጆሮ የላትም መሰለህ?

ፍሥሐ፦ ጆሮማ አላት። ግን የእሷ ጆሮ ለመያዣ ነው እንጂ ለመስሚያ አይደለም። አንጠልጥለህ የምታወርዳት በምኗ ነው ታዲያ?

ዱሬሳ፦ በጆሮዋ?! አንጠልጥዬ?!

ፍሥሐ፦ ከከበደችህ በሁለት እጅህ ያዛት። ለመሆኑ ሰርክ አልነገረችህም? ማታ «የትርፏስ ነገር?» ብዬ ስጠይቃት «አለች፤ መኪናው ውስጥ ናት የምትሄደው» አለችኝ። እኔ ደንግጬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

(ዱሬሳ በልቡ ቆጠረ። አልጋው የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። እሱ አለ፣ ሰርክ አለች፣ እናቱ አለች። በታክሲ ሾፌር ቤት ላደገ ሰው ደግሞ «ትርፍ» ማለት ከወንበሩ በላይ የተጫነ ሰው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ማን ትርፍ እንደተባለች ገባው። ሊጮህበት ነበር፤ ግን የሚስት ወንድም ነው፤ ዋጥ አደረገው።)

ዱሬሳ፦ እሺ፣ ውስጥ ካልተቀመጠች የት ትቀመጥ?

ፍሥሐ፦ ከውጭ! ከኋላ በሩ ላይ በቀበቶ ጥብቅ አድርገህ እሰራት። ደግሞ ቀጥ ብላ ትቁም፤ እንዳትተኛ። እኔ ስለዚህ ነገር ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ፈረንጆች ቤታቸውን በመኪና ጭነው አገር ለአገር ሲዞሩ፣ እሷን አንድ ቀን ከልጆቻቸው ጋር አያሳድሯትም።

ዱሬሳ፦ ፈረንጅማ እንደዚያ ነው። አረጋውያን ማቆያ የሚያስገባስ እሱ አይደል?

ፍሥሐ፦ (አልገባውም፤ አልገባኝም ማለት ግን አይሆንለትም) እ... አዎ። እሱም አለ። እንትፍ!

ዱሬሳ፦ ምን ሆነህ ነው የምትተፋው?

ፍሥሐ፦ ተወው። ለእናንተ ስል የቀመስኩት ነገር ነው፤ ኋላ ታየዋለህ።

ዱሬሳ፦ በዚያ በእንጦጦ ብርድ ከውጭ ልሰራት?

ፍሥሐ፦ ብርዱማ ወዳጇ ነው! ጠላቷ ሙቀት ነው። ሙቀት ሲያገኛት ታብጣለች።

ዱሬሳ፦ (ለዘብ ብሎ) እሱስ ልክ ነህ። ከታች ያብጥባታል። ፀሐይ ላይ ብዙ እንዳትቀመጥ ተብላለች።

ፍሥሐ፦ ከታች?! ከታች ማበጥ ከጀመረችማ አልቆላታል! ስንት ዓመቷ ነው?

ዱሬሳ፦ ሰባን አልፋለች።

ፍሥሐ፦ ሰባ ዓመት?! እስከዛሬ ሳትሰነጠቅ? የጣሊያን ናት ማለት ነው!

ዱሬሳ፦ የሰላሌ ናት።

ፍሥሐ፦ ሰላሌ ደግሞ መቼ ነው ፋብሪካ የተከፈተው?

ዱሬሳ፦ የሲሚንቶ ነው የምትለው?

ፍሥሐ፦ ከሲሚንቶ ነው የተሠራችው?

ዱሬሳ፦ (ግራ ገብቶት) ጠንካራ ናት ለማለት ከሆነ፣ አዎ፤ እንደ ሲሚንቶ ናት። አንድ ቀን ስትንገዳገድ አላየኋትም። አሁን ብቻ፣ ከሐዘኑ ወዲህ፣ በጣም ቀለለች።

ፍሥሐ፦ (ስለ ሐዘን የሰማው ግማሹን ነው) ከቀለለች ሙሉ አይደለችማ! ሙላት እንጂ!

ዱሬሳ፦ ምን ላድርግ? አልቀበልም ትላለች።

ፍሥሐ፦ አፏ ጠቦ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ትቆርጥና አፏ ውስጥ ሰክተህ ቀስ እያልክ ታንቆረቁርላታለህ።

ዱሬሳ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ?

ፍሥሐ፦ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው! ብቻ ስትሞላት መሬት ላይ አስቀምጣት። መኪና ውስጥ እንዳለች እንዳትሞላት።

ዱሬሳ፦ ኧረ ወንበር አላት!

ፍሥሐ፦ ወንበር አያስፈልጋትም፤ መሬት! ደግሞ እስከ አፏ እንዳትሞላት። ትንሽ መተንፈሻ ተውላት።

ዱሬሳ፦ እኔ በጠርሙስ ምናምን አልሞክርም። ዛሬ ጠዋት በልመና አንድ ብርጭቆ ወተት ወስዳልኛለች፤ ይበቃታል።

ፍሥሐ፦ (እየጮኸ) ወተት?! ማነው ወተት ጨምርባት ያለህ?

ዱሬሳ፦ ሐኪሙ ነዋ!

ፍሥሐ፦ የምን ሐኪም?

ዱሬሳ፦ የልብ።

ፍሥሐ፦ (ትንሽ አሰበ፤ ሞተር የመኪና ልብ ነው ሲባል የሰማ መሰለው) አሃ! የሞተር ማለትህ ነው። ቢሆንም ተሳስቷል። አሁኑኑ አውርዳት፤ በሳሙና ትታጠብ፤ ከዚያ ተዘቅዝቃ ትንጠፍጠፍ።

ዱሬሳ፦ ተዘቅዝቃ?!

ፍሥሐ፦ ጠብታ ወተት እንዳይቀርባት! ደግሞ ያንን ቡታጋዝ ስትለኩሱ አጠገባችሁ እንዳትኖር። አንዲት ብልጭታ ከበቃት ትነድዳለች።

ዱሬሳ፦ እሱን አልክድህም። በትንሽ ነገር ትነድዳለች። ግን ወዲያው ይበርድላታል።

ፍሥሐ፦ የሷ ንዴት አይበርድም ወንድሜ! ኮንዶሚኒየሙን ነው ይዛው የምትሄደው!

ዱሬሳ፦ (አላስችል አለው) ስማ ፍሥሐ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ቢያንስ «እሳቸው» በል።

ፍሥሐ፦ ማንን?

ዱሬሳ፦ እሷን! እኔ «እሷ» ብል ያምርብኛል። አንተ ግን ዕድሜዋን አክብር።

ፍሥሐ፦ ለእሷ «እሳቸው» ልበል?

ዱሬሳ፦ ምን ይቀንስብሃል?

ፍሥሐ፦ (ሳቁን አፍኖ፣ እንደ ሕፃን ሊያባብለው) እውነትህን ነው። ዘንድሮ እንደ እሳቸው ማን ይከበራል? ስንቱ ነው ደጃቸው ተሰልፎ የሚውለው!

ዱሬሳ፦ (ልቡ ተነክቶ) የለቅሶው ጊዜ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ፍሥሐ፦ ለቅሶማ ነው፤ እኔ ራሴ ያለቀስኩበት ቀን አለ። እሺ፤ እሳቸው ከነክዳናቸው ይወርዳሉ፤ ታጥበው ይዘቀዘቃሉ፤ ከዚያ ከኋላ ቀጥ ብለው ይታሰራሉ። ደስ አለህ?

ዱሬሳ፦ ክዳናቸው ያልከው ሻሻቸውን ነው?

ፍሥሐ፦ ሻሽም አስረህባቸዋል? ጨርቅ ክዳን አይሆንም፤ ይተናሉ! በቃ፣ አምጣቸውና እኔ ልያቸው። የማይሆኑ ከሆነ...

(ከማዶ የቆሻሻ ብረትና ፕላስቲክ ገዢው ጩኸት ይሰማል፦ «ቆራሌው!»)

ፍሥሐ፦ ...ይኸው፣ በሰዓቱ መጣ! ለቆራሌው እንሰጣቸዋለን። በሚዛን ይወስዳቸዋል።

(መጋረጃው ተገለጠ። እማማ ዳርቱ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው፣ ጓዛቸውን በጉያቸው ይዘው ብቅ አሉ። ዱሬሳ ወደ እሳቸው ሮጠ። ይህን ጓዝ ሸክፈው መኪና ላይ እንዲወጡ ስንት ለምኗል!)

እማማ ዳርቱ፦ ዱሬሳ፣ ደግፈኝና ልውረድ። ወደ ቤቴ ልግባ።

ዱሬሳ፦ ሃርሜ፣ እናቴ፣ እባክሽ! እሱን አትስሚው!

ፍሥሐ፦ እንዴ! እማማ ዳርቱ! እዚህ ነበሩ? እንደምን አደሩ?

እማማ ዳርቱ፦ ለቆራሌው እስክትሸጠኝ ተቀምጬ ነበር፣ ልጄ። ወይስ መጀመሪያ ልዘቅዘቅ?

(ፍሥሐ አፉን ከፍቶ አንዴ እማማን፣ አንዴ ዱሬሳን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ሳቁ ነው ያስቀመጠው።)

ፍሥሐ፦ ወይኔ! ወይኔ ዱሬ! እኔ እኮ የማወራው ስለ ጀሪካን ነው! የትርፍ ነዳጅ መያዣ ጀሪካን! አንተ ደንቆሮ! ጀሪካንን ከእናቱ ጋር የሚያምታታ ሰው አለ?

ዱሬሳ፦ ጀሪካን? የምን ጀሪካን? እኛ ጀሪካን የለንም።

ፍሥሐ፦ ሰርክ «አለች» አለችኝ እኮ!

ዱሬሳ፦ ሰርክ የሃርሜን ነገር ነው ያለችህ! በኛ ቤት ትርፍ ሰው ነው!

ፍሥሐ፦ ታዲያ ነዳጁን በምን ልትይዙት ነው? እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ባላስብላችሁ ምን ልትሆኑ ነበር? ማደያው በጀሪካን አልቀዳም ሲለኝ ከራሴ መኪና ታንከር በጎማ መጥጬ ቀዳሁላችሁ! ግማሹን ዋጥኩት! መኪናዬ እዚህ በር ስትደርስ ጠብታ አልቀራት፤ ገፍቼ ነው ያስገባኋት። ለእናንተ ብዬ! ኑ፣ ነዳጅ በጥንቃቄ እንዴት እንደሚያዝ አንድ ጊዜ እዩ!

(ወደ ትንሿ መኪናው ሄደ። የኋላ ክዳኗን ብድግ ሲያደርገው ሽታው ሦስቱንም በአንድነት መታቸው። የምግብ ዘይት መያዣ የነበረች ቢጫ ጀሪካን እንደ ሆድ ተነፍታ በጎኗ ተጋድማለች፤ ክዳኗ ተስፈንጥሯል። ምንጣፉ በነዳጅ ርሷል።)

ፍሥሐ፦ ...ተጋደመች።

እማማ ዳርቱ፦ ልጄ፣ «ቀጥ ብላ ትቁም» ያልከው አንተ አልነበርክም?

ፍሥሐ፦ ቅርብ መንገድ ነው ብዬ ነው እማማ።

እማማ ዳርቱ፦ እስከ አፏስ?

ፍሥሐ፦ እንዲበዛላችሁ ብዬ ነው።

እማማ ዳርቱ፦ ውስጥ አትግባ፣ ጠላቷ ሙቀት ነው ያልከውስ?

ፍሥሐ፦ (ወደ መሪው እየሄደ) ቆይ፣ ጥላ ውስጥ ላስጠጋት...

እማማ ዳርቱ፦ ቁልፏን እንዳትነካ! ብልጭታ ከበቃት ትነድዳለች፤ ኮንዶሚኒየሙን ይዛው ነው የምትሄደው። በሮቿን ሁሉ ክፈታቸው፤ ትተንፍስ። ዱሬሳ፣ ዘበኛውን ጥራው፤ ክብሪት የያዘ ሰው እንዳያስጠጋ ንገረው።

(ዱሬሳ ዘበኛውን አስጠንቅቆ ሲመለስ ፍሥሐ አራት በሮች በተከፈቱባት መኪናው አጠገብ እንደ ለቀስተኛ ቆሟል።)

ፍሥሐ፦ እኔስ ይቅር። የሚያሳዝነኝ የእናንተ መንገድ ነው። ያ ሁሉ ቤንዚን!

ዱሬሳ፦ (አንገቱን እየደባበሰ) ምን ነበር ያልከው?

ፍሥሐ፦ ቤንዚን! ንጹሕ ቤንዚን!

ዱሬሳ፦ የአባዬ መኪና እኮ ናፍጣ ናት።

(«ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ እየራቀ ይሄዳል።)

ፍሥሐ፦ ...ናፍጣ?

ዱሬሳ፦ ከተወለደች ቤንዚን ቀምሳ አታውቅም። ታንከሯንም ትናንት ሞልቻታለሁ፤ ደርሳ ትመለሳለች።

(ፍሥሐ እንትፍ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ተወው። ያን ጊዜ ዱሬሳ ከኋላው አንድ ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ ሳል መስሎት ዘወር አለ። እናቱ የሚኒባሱን በር ይዘው፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነው። ከለቅሶው ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም። እንዳይቋረጥ ፈርቶ አልተነቃነቀም።)

እማማ ዳርቱ፦ ወይ ቱሉ! ይህን ሳታይ ሄድክ! (ጓዛቸውን ለዱሬሳ እያቀበሉ) እንካ፣ መልሰው።

ዱሬሳ፦ ወደ ቤት?

እማማ ዳርቱ፦ ወደ መኪናው ነዋ! እኔ ግን ከመጋረጃ ኋላ አልሄድም። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ጋቢናውን ለሰው ሲሰጥ ኖረ፤ እኔን አንድ ቀን እንጦጦ አላወጣኝም። «ዛሬ ሞልቷል ዳርቱ፣ ነገ» ሲለኝ ነገ አለቀበት። ዛሬ ጋቢናው የኔ ነው።

(ዱሬሳ ደግፎ ጋቢና አስቀመጣቸው። የአባቱ አሮጌ ፎጣ አሁንም መደገፊያው ላይ አለ፤ እማማ በእጃቸው አስተካከሉት።)

ፍሥሐ፦ እንግዲህ መልካም መንገድ። እኔ ታክሲ ልጠብቅ...

እማማ ዳርቱ፦ ቅዳሜ ከየካ አባዶ ታክሲ ልታገኝ? ሰርክን ስንጭን ሲግናል እናወርድሃለን። ና ግባ። ዱሬሳ፣ ይህቺን ትርፍ ከኋላ አስቀምጥልኝ። ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለችና ከቡታጋዙ አርቃት። ክዳኗን ደግሞ ጥብቅ!

ፍሥሐ፦ (ከመጋረጃው ጀርባ) እማማ፣ እኔ እኮ በመሠረቱ ያልኩት...

እማማ ዳርቱ፦ ማበጥ ጀመረች፤ መስኮቱን ክፈቱላት።

ፍሥሐ፦ ቢያንስ «እሱ» ይበሉኝ!

ዱሬሳ፦ ምን ነካህ ፍሥሐ? «እሳቸው» እንላቸዋለን።

(ሚኒባሱ ተነሣ። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ወደ መገናኛ ሲቃረቡ ዱሬሳ ፍሬን ያዝ አደረገ፤ ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። እማማ ዳርቱ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳያዞሩ፣ ባላቸው ትርፍ ጭነው ፖሊስ ሲያዩ ያደርጉት እንደነበረው፣ በአውራ ጣታቸው የመኪናውን ጣሪያ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ።)

እማማ ዳርቱ፦ ትርፍ! ጎንበስ!

(ፍሥሐ ጎንበስ አለ።)