የክሎሪን ጠበቃ

በአርባ አምስት ዓመቱ ተማሪ የሚሆን ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ኩራቱን ነው ይላሉ። ሐሰት! መጀመሪያ የሚጥለው እስክሪብቶውን ነው፤ ኩራቱንማ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ተሸክሞት ይዞራል። ከራሴ አውቀዋለሁ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ናሙና ተቀባይ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ሽንት በብልቃጥ እየተቀበልኩ፣ የባለቤቱን ስም እየጻፍኩበት ስኖር፣ አለቃዬ አንድ ቀን ጠሩኝና ዲፕሎማ ካላመጣህ ቦታህን ለተማረ ሰው እሰጣለሁ አሉኝ። ምን ይደረጋል? እሁድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ ገባሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ኬሚስትሪ፣ የኬሚስትሪውም መጀመሪያ የአዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ሰጥተው ወይም ተቀብለው የሚጣመሩ ንጥረ ነገሮች፣ ስም አጠራር ሆነ። ደስ አለኝ። ስም መጻፍ ሥራዬ አይደል? ለካ ውሃ አሳስቆ ነው የሚወስደው።

አስጠኚዬ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ምሕረት ናት። እንደ መታወቂያ አስበው አባዬ አለችኝ፤ መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም። ኤሌክትሮን የሰጠው ይቀድማል፣ የተቀበለው ይከተላል። እንግዲያው የወጥ ቤት ጨው ሶዲየም ክሎሪን ነዋ አልኳት። የለም፣ ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የኋለኛው መጨረሻው ይቀየራል አለችኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የአባት ስም ጅራቱ ተቆርጦ ሌላ ጅራት ይቀጠልለታል? የእኔ አባት ዳንጊሶ ይባሉ ነበር። ነገ አንዱ ተነስቶ ማርቆስ ዳንጊሳይድ ብሎ ቢጠራኝ ዝም ልበል? እንኳን እኔ፣ እሳቸውም ከመቃብር ይነሱ ነበር! ሚስቴ እንኳ እኔን ስታገባ የአባቷን ስም አልለወጠችም፤ ክሎሪን ለአንዲት ኤሌክትሮን ብሎ ምን ሲደረግ? ምሕረት ደብተሯን መልሳ ታገላብጥ ጀመር።

ፈተናው ላይ በአቋሜ ጸናሁ። ፖታሲየም ብሮሚን፣ ካልሲየም ኦክስጅን፣ ሶዲየም ክሎሪን እያልኩ አባትን ሁሉ በክብሩ አስፍሬ ወጣሁ። ከሃያው ሦስት ብቻ አገኘሁ። ሦስቱንም የራሴን ስም በትክክል በመጻፌ ሳይሰጡኝ አይቀሩም። ድጋሚ ፈተናው በሳምንቱ ነው፤ ያንን ከወደቅኩ ከትምህርቱም ከሥራውም መሰናበቴ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እህል አልበላ አለኝ።

መምህሩ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ድጋሚ ፈተናው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የቀድሞ ወረቀቴን ይዞ መጣና፣ ጋሼ፣ ይሄ የሰነፍ ተማሪ ስህተት አይመስለኝም፣ ያናደደዎት ነገር አለ? አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ሰፈር ውስጥ ማን እያሉ ነው የሚጠሩዎት? አለኝ። የምሕረት አባት አልኩት፤ እውነትም በሰፈሬ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ማርቆስ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ቤቴን አያሳያችሁም። ምሕረት ሳትወለድስ? አለኝ። ማርቆስ አልኩት። ይኸው ነው ጋሼ፣ ክሎሪንም ኤሌክትሮን ስላገኘ ነው ክሎራይድ የተባለው፣ የሰደበው የለም አለኝ። ሶዲየምስ? ብዬ ብጠይቀው፣ እሱማ ሰጠ እንጂ ምን አገኘ፣ በድሮ ስሙ ቀረ አለኝ።

ወይ ጉድ! ክሎሪን ተዋረደ ብዬ ስሟገትለት፣ እሱ ለካ ወግ ማዕረግ አይቷል! ብሮሚኑንም ኦክስጅኑንም ወልደው እንደከበዱ ቆጥሬ፣ ብሮማይድ፣ ኦክሳይድ እያልኩ ጻፍኩ። መምህሩ እዚያው አረመልኝ፤ ከሃያ አሥራ ሰባት! እፎይ አልኩ። ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። በቀጥታ ሐይቅ ዳር ወርጄ አንድ ሙሉ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጇን ሶዲየም ክሎራይድ ብትጨምሪልኝ ብላት፣ እሱ አልቋል ጋሼ፣ ሌላ ለስላሳ ላምጣልዎት? አለችኝ። ዓሣውን እንደ አልጫ በላሁት፤ ጣፈጠኝ።

ቤት ስገባ ምሕረት አቀርቅራ ተቀምጣለች። እነሱም ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት በዚያው ርዕስ ከአሥር የሚታረም አጭር ፈተና ተፈትነው ኖሮ፣ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ሁለት። ሶዲየም ክሎሪን፣ ፖታሲየም ብሮሚን... አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ? አልኳት። ስለ አባት ስም የተናገርከውን ሳስበው ልክ ነህ፣ አሳመንከኝ አለችኝ።

ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። እኔ ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ለሚስቴ አሳየኋት፤ በሃያ ዓመት ትዳር፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሳሳምን የመጀመሪያዬ ነው።