ጀርባቸውን ሰጥተው ያስተማሩኝ ሰው

በእኛ አገር ሰው ለመመስገን ከሁሉ አስቀድሞ መሞት አለበት። የታወቀ ቅድመ ሁኔታ ነው። በሕይወት እያለ «እርስዎ ባይኖሩ እኔ የት እደርስ ነበር?» ቢሉት፣ ወይ ጉዳይ ሊያስፈጽሙብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ ወይ ፊቴ ላይ ምን አዩብኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሮጣል። ስለዚህ ጋሽ ምናለን ሳላመሰግናቸው ስቆይ ስቆይ፣ እሳቸውም ቅድመ ሁኔታውን አሟልተው አረፉ።

ጋሽ ምናለ በፍኖተ ሰላም የእንስሳት ክሊኒክ አለቃዬ ነበሩ። ከኮሌጅ ወጥቼ የተመደብሁ ሰሞን ገበሬው እኔን አልፎ ከኋላዬ ሐኪም ይፈልጋል። «ሐኪሟ ይችውና!» ይሉታል ጋሽ ምናለ። ይህን ብለው ግን አጠገቤ አይቆሙም። ዞር ብለው ጀርባቸውን ይሰጡኛል። መርፌ ስወጋም ሆነ አልወለድ ያለ ጥጃ ስስብ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ያያሉ።

እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በሬ ቀና ብሎ ካየኝ ከባለቤቱ ኋላ እሸሸጋለሁ። ታዲያ ያንን ሰፊ ጀርባ ሳይ፣ ይህ ሰው ምን ያህል ቢያምነኝ ነው ማየት እንኳ ያላስፈለገው? እላለሁ። እጄ ይረጋል።

ያን ጊዜ መቼም ግምገማ የማይነካው ነገር አልነበረም። አንዱ ባልደረባችን ተነሥቶ፣ አቶ ምናለ ሥራውን ለሴት ጥለው ባሕር ዛፍ ሲያዩ ይውላሉ ብሎ ገመገማቸው። እኔ መች ዝም እላለሁ! ስለ አቅም ግንባታ፣ ስለ ሴቶች ተሳትፎ፣ በዘመኑ ከነበረው ቃል አንድም ሳላስቀር ተናገርሁ። እሳቸው ጀርባቸውን የሚሰጡት በእኛ ላይ ባላቸው የማያወላውል እምነት ነው ብዬ ስዘጋ አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ምናለ ብቻ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ትሕትና መሰለኝ።

ተዝካራቸው መስከረም ላይ ቡሬ አጠገብ ባለው ቤታቸው ወጣ። የሕክምና ቦርሳዬን አንግቼ ሄድሁ፤ ለልቅሶም ለሠርግም ቦርሳ ይዞ መሄድን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ዳሱ ውስጥ ገና ሳልደላደል ከጓሮ የላም ማቃሰት ሰማሁ። ምንድን ነው ብዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘነቡን ጠየቅሁ።

«ምንም አይደለች እታለም፣ እህል ቅመሺ» አሉኝ።

ጎጃም ውስጥ ቤት ቢቃጠል እንኳ እንግዳ በልቶ ሳይጨርስ አይነገረውም። የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ ወደ ጓሮ ሮጥሁ።

ሰው ሁሉ ድግሱን ሲያይ ላሚቱን ያያት የለም። ገመዷን በጥሳ፣ ጤዛ ያልለቀቀው የማገጥ ሣር ውስጥ ገብታ እስክትጠግብ በልታለች። እርጥብ ማገጥ ደግሞ ሆድ ይነፋል፤ አየሩ ካልወጣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ይገድላል። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ምላሷ ወጥቷል። ወይዘሮ ዘነቡ የሚያልቧት ላም እሷ ብቻ ናት። ዘይት አጠጣኋት፣ አራመድኋት፤ ጉልበቷ መታጠፍ ጀመረ። የቀረኝ ትሮካር የምንለውን ስል ብረት ጎኗ ላይ ሰክቼ አየሩን ማስወጣት ነው። ቦታውን ብስትስ? በራሳቸው ተዝካር፣ በራሳቸው ግቢ፣ ያስተማሯት ልጅ ላማቸውን ገደለች ሊባል አይደል? የወይዘሮ ዘነቡስ ነገር?

ቀና ብል የዳሱ ሰው በሙሉ ከብቦኛል። ቄሶቹ ሳይቀሩ ጠላቸውን እንደያዙ መጥተዋል። አንዱ ሽማግሌ ኸዚህ ዝቅ አርጊው ይለኛል፣ ሌላው የለም ከፍ አርጊው ይላል። ሁሉም ያየኛል፤ አንድም ጀርባ የለም! ትሮካሩን አንሥቼ መልሼ አወረድሁት። በዕድሜዬ የሰው ጀርባ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዘነቡ ድንገት ዞሩ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርገው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ልክ እንደ ባላቸው። እጄ ረጋ። ወጋሁ።

አየሩ እየጮኸ ወጣ። ሽታው ግቢውን ሞልቶ ቄሶቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ። ላሚቱ ግን ረጅም ትንፋሽ ስባ በአራት እግሯ ቀጥ አለች።

እያለቀስሁ ወይዘሮ ዘነቡ አንገት ላይ ተጠመጠምሁ። ጋሽ ምናለም እንዲህ እያመኑኝ፣ እንዲህ ጀርባቸውን እየሰጡኝ ነው ለዚህ ያበቁኝ፤ ሳላመሰግናቸው ሄዱብኝ አልኋቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«የምን ማመን አመጣሽብኝ ልጄ? ፈርቼ ነው እንጂ! እሳቸውስ ቢሆኑ፣ ማታ ሲገቡ ‹ዛሬም ያች ልጅ ስትወጋ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም ስል ዋልሁ፤ ዞሬ ባያት ኸእጇ እነጥቃታለሁ› እሚሉኝ አልነበር?»

ይህን ሁሉ ዓመት በእሳቸው ድንጋጤ ላይ ኖሯል የቆምሁት! ያ ሁሉ የግምገማ ንግግሬ ትዝ ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ቀጥሎ ግን አሰብሁት። ለሚያምንማ ጀርባ መስጠት ምኑ ይከብዳል? ልብ እየራደ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ከሰው እጅ ሳይነጥቁ መቆም ነው እንጂ ከባዱ። ምስጋናዬን እጥፍ አድርጌ እዚያው ጓሮ አወጣሁት፤ የሰማችኝ ላሚቱ ናት።

ዛሬ እኔም አለቃ ሆኛለሁ። በቀደም ማንኩሳ ላይ፣ አዲስ የተመደበችልን ብርቱካን ትሮካሩን ይዛ የተነፋ በሬ አጠገብ ስትቆም፣ እኔ ባሕር ዛፍ ሳይ ቆየሁ። ጥሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ማርያምን ስንት ጊዜ እንደጠራሁ እሱ ያውቃል። በሬው ተነፈሰ። ብርቱካን እንባዋ ቀርሮ መጣችና፣ ማየት እንኳ ሳያስፈልግዎ እንዲህ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ አለችኝ።

እኔም መሬት መሬት አየሁ። ባለቤቴ ጉዳዩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በተዝካሬ ዕለት ይነግራታል።