ያጠፋሽውን ጻፊ ያለው ኮሌጅ

ሰው የገዛ ጥፋቱን በገዛ እጁ የሚጽፈው መቼ ነው? እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ መቼም አይጽፍም። ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዕድሜዬ አልቋል ማለት ይቻላል። በዚህ ሁሉ ዘመን «አጥፍቻለሁና ጻፍልኝ» ብሎ የመጣ አንድ ሰው አላየሁም። ሁሉም ተበዳይ ነው። ይህን ያህል ተበዳይ ባለበት አገር በዳዮቹ የት እንደሚኖሩ አንዳንዴ ግራ ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ አያ አድማሱ ልጃቸውን ትርንጎን አስከትለው መጡ። አያ አድማሱ ከቡሬ ወዲህ ባለ ቀበሌ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ በነጻ ሊያስተምራት ይችላል አሉኝ። የቀራት አንዲት ጽሑፍ ናት፤ እስከ ዓርብ ካልተላከች ነገሩ ያበቃለታል። ልጄ መጻፍ አቅቷት አይደለም፣ ግን ለትልቅ ቦታ የሚሄድ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ይጻፈው ብዬ ነው አሉ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። ከወረዳው አልፎ የማያውቅ ብዕሬ ባሕር ሊሻገር ነው።

ትርንጎ መመሪያውን ከስልኳ ላይ እየተረጎመች አነበበችልኝ። ከአምስት መቶ ቃል እንዳይበልጥ ይላል። አምስት መቶ ቃል! የእኔ ማመልከቻ እኮ በዚህ ቁጥር ገና ስለ አመልካቹ አድራሻ እያወራ ነው። በራስሽ አንደበት ይሁን ይላል። ዝርዝር አታብዢ፣ አንድ የሆነ ነገር ይዘሽ ተርኪልን ይላል። ዋናው ጥያቄ ደግሞ፦ ያጠፋሽውን አንድ ነገር ንገሪን፤ ምንስ ተማርሽበት?

እንደገና አንብቢልኝ አልኋት። አነበበች። ሦስተኛም አስነበብኋት። ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ? ሰው ሊቀበሉ ተነሥተው መጀመሪያ ጉድሽን አውጪ ይላሉ? እኛ አገር ልጅ ለማጨት የሚሄድ ሽማግሌ እንኳ የልጅቱን ጉድለት የሚያጣራው ከጎረቤት ነው፤ ከራሷ አፍ ልስማ የሚል የለም። እነዚህ ጎረቤት ስለሌላቸው ይሆን? ነገሩ ከነከነኝ።

ቢጨንቀኝ ወጥመድ ነው ብዬ ደመደምሁ። በጽሑፍ የታመነ ጥፋት ማስረጃ ነው፤ ይህን ሕግ ያልተማረም ያውቀዋል። ስለዚህ ብዕሬን አነሣሁና እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «እኔ አመልካች ትርንጎ አድማሱ ከተወለድሁበት ጊዜ ጀምሮ አንዳች ጥፋት ፈጽሜ የማላውቅ በመሆኑ፣ የተጠየቅሁትን ጥፋት ክጄ እከራከራለሁ። አጥፍታለች የሚል ወገን ካለ ማስረጃውን ያቅርብ። መልካም ጠባዬን የሚያስረዱ ሦስት ምስክሮች ከነአድራሻቸው ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል።» አያ አድማሱ ሳነበው እየሰሙ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ኮሌጁ ለዚህ መልስ አያገኝለትም አሉ።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ግን ይህን ከላክን አይቀበሉኝም አለችኝ። ለምን ብላት፣ እነሱ የሚፈልጉት ያላጠፋ ሰው አይደለም፣ ያጠፋውን የሚያውቅ ሰው ነው አለች። ይህስ አዲስ ነገር ነው። እንግዲያው አንቺ ምን አጥፍተሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነበር። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ልጅቱ አባቷን አየት አደረገችና ተናገረች። የዛሬ ሁለት ዓመት የጎረቤታቸው የአያ ይግዛው በሬዎች ገብተው የበርበሬ ማሳቸውን ሲረጋግጡት፣ ማሳውን ጠብቂ የተባለችው እሷ ነበረች። ስልኳ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ስትሮጥ የአጥሩን መዝጊያ ሳትመልሰው ሄደች። በሬዎቹ ምን ያድርጉ? ክፍት አገኙ፣ ገቡ። እሷም ፈርታ እስከ ዛሬ ዝም አለች።

በዚህ ጉዳይ አያ ይግዛው ፍርድ ቤት ተከሰው ነበር። የዚያን ክስ የጻፍሁት እኔ ነኛ! አያ አድማሱ ያን ጊዜ የነገሩኝ የጎረቤቴ በሬዎች ገብተው በርበሬዬን አጠፉት ብለው ነው፤ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። «ሆን ብሎ፣ አስቦና አቅዶ፣ በማን አለብኝነት በሬዎቹን አሰማርቶ» የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ያለዚያማ ክስ ክስ አይመስልም። አያ ይግዛው የክሱ ግልባጭ ሲደርሳቸው ደንግጠው ችሎት ሳይቆሙ ካሱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም፤ አንድ ማኅበር እየጠጡ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ትርንጎ ታለቅሳለች። እኔም እንደ ሙያዬ መከርሁ፦ ወረቀቱ የሚሄደው ባሕር ማዶ ነው፣ እዚህ ማንም አይሰማም፤ እሷ ትጻፈው፣ ትላከው፣ እኛ ዝም እንበል። አያ አድማሱ ቀና ብለው አዩኝ። አጥር የሚዋሰነኝ ሰው ሳያውቀው ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንዴት ቀድሞ ይወቀው? ይግዛው ሳይሰማው ይህ ወረቀት ንቅንቅ አይልም አሉና ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። አፈርሁ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተጨነቅሁ። ለዓርብ የቀረው አራት ቀን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ በአራት ቀን ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ፣ ነገር ጨርሶ ያውቃል? ጥፋቷ ያመጣላትን ዕድል የአባቷ ጨዋነት ሊያሳጣት ነው ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አያ አድማሱንና አያ ይግዛውን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ትርንጎ ራሷ የጻፈችውን በፊታቸው አንብባላቸው ነበር። አያ ይግዛው ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፦ ይህን ካልላከች አትገባም? አትገባም ሲሏቸው፣ እንግዲያው ትላከው፣ የከፈልሁትም ካሳ ይቅር ብለው ተነሡ። ዕርቁ ወርዷል፤ የቀረው ማጻፍ ነው።

የዕርቅ ወረቀት ደግሞ በዳዩን ሳይጠራ አያልቅም። ማን ይባል? ልጅቱ እንዳትባል፣ ነገ ኮሌጅ ልትሄድ ስሟ በበዳይነት አይጻፍም ብለው አያ ይግዛው ራሳቸው አሻፈረኝ አሉ። እሳቸው እንዳይባሉ ተበዳይ ናቸው። አያ አድማሱ ያዩትን ነው የተናገሩት። በሬዎቹን እንጻፋቸው ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ የድሮውን ክስ ግልባጭ ከኪሳቸው አወጡ። መዝጊያ መርሳት ያጋጥማል፣ ክፍት ያገኘ በሬም ይገባል፤ «አስቦና አቅዶ» የሚለው ግን ከማን ወጣ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ትርንጎ በማግሥቱ ቡሬ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ጽሑፏን ላከች፤ ኮሌጁም ተቀብሏት አሁን እዚያው ናት። እኔ ግን በዚያች ሐሙስ «በእኛ በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል ጠብ የዘራው ማመልከቻ ጸሐፊው መሆኑን ተማምነን ታርቀናል» የሚለውን፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ በገዛ እጄ ጻፍሁት። ታራቂዎቹ ፈረሙ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። አንድ ምስክር ጎደለና እሱንም እኔው ፈረምሁ።