ሰባ ከሰባ ያገኘችው ብር

በየትም አገር ሂዱ፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው አታጡም። ጥርሱን የታመመ ሲያይ ሐኪም፣ የቆመ መኪና ሲያይ መካኒክ፣ ሰማዩ ሲጠቁር የዝናብ ባለሥልጣን ይሆናል። ሌላው ከተማ እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለው። መተማ ዮሐንስ ግን የነበሯት አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለሁሉም ይበቁ ነበር። ጋሼ ባየልኝ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሰሊጥ ጥራት መርማሪ።

መታደል ይሁን አለመታደል፣ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሲስተር የዓለምወርቅ ከክቡርነታቸው ጋር በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ ተለይታ ነው የምትኖረው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳትወድ በግድ ተማሪያቸው ነበረች።

ጋሼ ባየልኝ ሠላሳ ዓመት መጋዘን በር ላይ ቆመው ጆንያ በብረት እየወጉ፣ እፍኝ ሰሊጥ እያሸተቱ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ከደረጃ በታች» ሲሉ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑ ቀረ እንጂ ሥራው አልቀረም። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራዋን አንደኛ፣ ወጡን ሁለተኛ፣ ዘፋኙን ከደረጃ በታች ብለው ተመልሰዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዲት አልቃሽ ሰምተው «ድምፅስ አላት፤ እርጥበት ግን ይጎድላታል» ብለው አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ሹክ ብለዋል።

«ደረጃው ስንት ነው?» ይላሉ ነጋ ጠባ። «ደረጃ ያልወጣለት ነገር ስም ያልወጣለት ልጅ ነው።»

ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከማዶ የሚሻገረው ሰው በጉያው ብር ይዞ ይመጣ ጀመር፤ አምባር፣ ድሪ፣ አሮጌ ጠገራ። ጋሼ ባየልኝም በአንድ ሳምንት ውስጥ የብር ሊቅ ሆኑ። አጉሊ መነጽር ገዙ። ማርትሬዛ፣ ያችን የንግሥት መልክ ያለባትን ጠገራ፣ የያዘች ሴት ሁሉ ደጃቸው ላይ ተሰለፈች። «ፊደሏን አሳይኝ!» ይላሉ። ከንግሥቲቱ ትከሻ ሥር ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጋሉ፤ የጌጧን ሉሎች ይቆጥራሉ፤ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምጿን ያዳምጣሉ። ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ የሚሳሳትን ሰው ማን ያምነዋል?

የዓለምወርቅ እናቷ ሳንጃ ከተማ ሲያርፉ የተዉላት አንድ ጠገራ ነበራት። ከአያቷ አንገት ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ እሷ የመጣ። ከላዩ ክር ማስገቢያ ተበይዶበታል። ንግሥቲቱ በሦስት ሴቶች ደረት ላይ ስትሻሽ ኖራ ፊቷ እንደ ተላሰ ከረሜላ ለስልሷል። ልጇ ህሊና ለትምህርት ጎንደር ልትሄድ ስትል፣ ይህንኑ አንገቷ ላይ ልታስርላት አሰበች።

በዚያው ሰሞን ጌች የሚባል ነጋዴ ቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። «አሮጌ ጠገራ አምጡ፣ ትንሽ ገንዘብ ጨምራችሁ በአዲስ ብር ልቀይርላችሁ» ይላል። የእሱ ብር እንደ መስታወት ያበራል። በአንድ ፊቱ ትልቅ ወፍ አለበት፤ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጓል። ከአናቱ በተለጠፈው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ብሩን የመታው ማተሚያ ቤት ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ «በመጀመሪያው ቀን የተመታ» ይላል፤ ጎላ ብሎ ደግሞ 70።

የዓለምወርቅ ሁለቱንም ይዛ ወደ ጎረቤቷ ሮጠች።

«ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ።»

ጋሼ ባየልኝ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ ብድግ አሉ። «ሰባ!»

«ከስንት?»

«ከሰባ ነዋ! ከዚህ በላይ የለም። እኔ በሠላሳ ዓመት ላንድም ጆንያ ሙሉ ሰጥቼ አላውቅም።»

«የእናቴስ?»

ጠገራውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት። «ፊቷ የጠፋ፣ ፊደሏ የማይነበብ፣ በብየዳ የቆሰለች… የዓለም፣ እናትሽን ነፍስ ይማር፣ ግን ከደረጃ በታች ናት።»

«እና ልቀይር?»

«ይህም ይጠየቃል? ብቻ ፕላስቲኩን እንዳትከፍቺው። አየር ከነካት ደረጃዋ ይወርዳል።»

ጭማሪውን ከፍላ ቀየረች። ጌች ጠገራውን እንኳ ሳያገላብጥ ኪሱ ከተተና በዚያው ቀን ወደ ሽንፋ ገበያ ተሳፈረ።

ብር ግን በፕላስቲክ ሳጥን አንገት ላይ አይታሰርም። የዓለምወርቅ ወደ ሷሊህ ወሰደችው፤ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ፣ መዶሻውን ይዞ የተሻገረ ብር ሰሪ ነው። ሷሊህ ሳጥኑን በጥንቃቄ ከፈተ፤ ብሩን መዘነ፤ አገላብጦ ብዙ ጊዜ አየው።

«ሲስተር፣ ብሩ ብር ነው፤ ንጹሕ ነው ወላሂ። ግን እንዲህ ያለው በየዓመቱ ብዙ ሺህ ይመታል፤ ሰው ገዝቶ የሚያከማቸው ነው። ሰባ ማለት ምንም ጭረት የለውም ማለት ነው። ሌላ ነገር አይደለም።»

«ማተሚያ ቤቱስ? ተጽፏል እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ብሩ ላይ ግን የማተሚያ ቤቱ ምልክት የለም፤ ቢኖር አንዲት ትንሽ ፊደል ትሆን ነበር። ታዲያ ጸሐፊው ምኑን አይቶ ጻፈ? በመጀመሪያው ቀን ሲመታስ ማን ቆሞ አየ? ወረቀት እኔም አሳትማለሁ።» ትንሽ አመነታና «የእናትሽ ጠገራ ይሻል ነበር» አለ።

የዓለምወርቅ ለጋሼ ባየልኝ ላለመንገር ወሰነች። በሦስተኛው ቀን ግን ራሳቸው በቆርቆሮው ቀዳዳ ተጣሩ። «የዓለም! ሰባችን እንዴት ናት?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

ከቆርቆሮው ወዲያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። በሰባት ዓመት ሰምታው የማታውቀው ዓይነት።

«ለሰው ሁሉ ፊደሏን አሳይኝ ስል ኖሬ» አሉ፣ «ያን ዕለት ብሩን አላየሁም። ወረቀቱን ነው ያነበብሁት። ጆንያ ላይ ወረቀት ስለጥፍ የኖርሁት እኮ እኔው ነኝ! ዝናብ መትቶት የሻገተ ሰሊጥ ‹አንደኛ› የሚለውን ወረቀቴን ለብሶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

በማግሥቱ በራቸው ተቆልፎ አገኘችው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ በጭነት መኪና ሽንፋ ሄደዋል አሏት። አራት ቀን ሰፈሩ ጭር አለ። ሐብሐቡ ያለ ደረጃ ተሸጠ። የዓለምወርቅ ሌሊት ሥራ አድራ ስትመጣ የእሳቸውን ድምፅ እየረገመች ነበር የምትተኛው፤ አሁን ጸጥታው እንቅልፍ ነሣት።

በአምስተኛው ቀን አቧራ ለብሰው መጡ። «ቀልጧል» አሉ ሳይቀመጡ። «ጌችን አገኘሁት፤ ለብር ሰሪ ሰጥቶታል። ብር ሰሪው ከሌላ ብር ጋር አቅልጦ አምባር አድርጎታል። ማን ክንድ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ከልቧ ነበር፤ ለራሷ ግን ይቅር ማለት አቃታት። የዚያን ጠገራ ክብደት ከእሳቸው ይልቅ የእሷ ደረት ያውቀው አልነበር? ምን ሊያደርግላት ሄዳ ጠየቀች?

ህሊና አዲሱን ብር አስራ ጎንደር ሄደች። ጋሼ ባየልኝ አጉሊ መነጽራቸውን ለሷሊህ ሰጡት። ሰው ዕቃ ይዞ ደረጃ ሊጠይቃቸው ሲመጣ «እኔ አላውቅም» ይላሉ። «ጋሼ ባየልኝ አረጁ» አለ የመተማ ሰው።

ታኅሣሥ ላይ አገኘሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ከሽንፋ ለምርመራ መጣች። የዓለምወርቅ ልታዳምጣት ጎንበስ ስትል አንገቷ ላይ ያረጀ ጠገራ አየች። 

«ከእናትሽ ነው?»

«አዎ ሲስተር። ለጥቂት ነው የተረፈ። አንድ ነጋዴ በሚያብረቀርቅ ሊቀይረኝ ሲል፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከገበያው መሀል ድንጋይ ላይ ወጥተው ጮኹ። ‹ወገኖቼ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ የጎረቤቴን የእናት ብር ያስጠፋሁ እኔ ነኝ! እናንተ አትቀይሩ!› ይላሉ። ሰው ሳቀባቸው፤ ልጆች ጠጠር ወረወሩባቸው። አልወረዱም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጮኹ ነጋዴው ቦርሳውን ይዞ ጠፋ። እብድ ናቸው አሉ፤ ያሳዝናሉ።»

የዓለምወርቅ ቀና አለች። የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ሲናገሩ የኖሩት ሰው ይህችን አንዲት ነገር ትንፍሽ አላሉም ነበር።

«እብድስ አይደሉም» አለች፣ የሴትዮዋን ጠገራ በመዳፏ ይዛ፣ ሙቀቱ እስኪሰማት። «ጎረቤቴ ናቸው።»