በእድራችን ካልኩሌተር ሆድ ውስጥ

አንድን ነገር ለምን እንደሚወድ የማይጠየቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እኛ እንጅባራ ውስጥ ፈረስ ብትወዱ ማንም ምክንያት አይጠይቃችሁም፤ እንዲያውም የምትጠየቁት ባትወዱ ነው። ኳስ ብትወዱና የሌላ አገር ቡድን ተሸንፎባችሁ ምሳ አልበላ ቢላችሁ፣ «አይዞህ» የሚላችሁ አይጠፋም። አሮጌ ካልኩሌተር ብትወዱ ግን ነገሩ ወዲያው ወደ ምርመራ ይዞራል። «ምን ያደርግልሃል?» ይባላል። ምንም እንደማያደርግልኝ ስናገር ጠያቂዬ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያየኛል። ምንም የማያደርግለትን ነገር የሚሰበስብ ሰው የሆነ ነገር ደብቋል ማለት ነዋ።

እኔ የምደብቀው የለኝም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ሰዉ «መምህር» ይለኛል፤ መምህር አለመሆኔን በትዕግሥት አስረዳለሁ፤ በማግስቱ «መምህር፣ እንዴት አደርክ?» እባላለሁ። የኪስ ካልኩሌተር መሰብሰብ የጀመርኩት ዳንግላ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የእህል ነጋዴ ሱቃቸውን ሲያጸዱ ሊጥሉት ያወጡትን ለምኜ ከወሰድኩ ወዲህ ነው። ቁልፎቹ ሲጫኗቸው ጠቅ ይላሉ። የዛሬ ስልክ ሲጫኑት ምንም አይልም፤ መጫናችሁን የምታውቁት በእምነት ነው። ከዚያ በኋላ ጥሊሊም ሆነ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው ባለሱቆቹ ጠረጴዛ ላይ ሆነ።

አመረማመሬ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አልነካውም፤ በማጉያ መነጽር ዝም ብዬ አየዋለሁ። ቀጥሎ የባትሪውን ክዳን እከፍታለሁ፤ ምክንያቱም ካልኩሌተር በአብዛኛው የሚሞተው አርጅቶ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ባትሪ ተረስቶበት ነው። የተረሳ ባትሪ ያፈስሳል፤ ያፈሰሰው ነጭ ዱቄት ሆኖ ብረቱን ይበላል። ከዚያ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር በስምንት ቁጥር እሞላዋለሁ። ስምንት፣ ቁጥር የሚጻፍባቸውን ሰረዞች ሁሉ ስለሚያበራ የሞተች ሰረዝ ካለች ትጋለጣለች። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ለዜሮ አካፍላለሁ። ደህና ካልኩሌተር ይህን ጊዜ የስህተት ምልክት ያሳይና ዝም ይላል። አለመቻሉን እንዲህ ሳያንገራግር የሚያምን ከሰው ወገን ብዙ አላጋጠመኝም። ራሴን ጨምሮ ነው፤ እኔ ክዳን ገጥሜ ስጨርስ መግጠሜን እጠራጠርና መልሼ የምከፍት ሰው ነኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ።

እድራችን በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃውን በሙሉ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሣር ላይ ይደረድርና አባላቱ እያዩ ያስቆጥራል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ በርሜሉ ሁሉ የእድሩ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል፤ ጭልፋው እንኳ አልቀረም። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በመጨረሻ ከፌስታል ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አወጣና «ሒሳብ ማሽን» አለ። ወደ ፊት ተጠጋሁ። ወፍራም፣ ቁጥሩ በአረንጓዴ ብርሃን የሚበራ፣ የጥንቱ ዓይነት ነው። ከዚህ ዓይነት አንድም አልነበረኝም። የቀድሞው ጸሐፊ ሲገለገሉበት የኖሩት ሲሆን የአሁኑ ጸሐፊ ግን የሚደምረው በስልኩ ነው። ጀርባው ላይ ቀይ ቀለሙ አለ። በባትሪው ክዳን ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ እኔ የማውቀው ነጭ ዱቄት ብቅ ብሏል።

ልውሰደው አላልኩም። ይህን እናንተ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ማንም ልብ አላለልኝምና። ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አያ ጥሩነህ ሄድኩ።

«አያ ጥሩነህ፣ ቢፈቅዱልኝ ባትሪውን ላውጣው። እንዲህ ከቆየ ውስጡን ይበላዋል።»

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«የእድር ዕቃ ያለ ሐዘን አይነካም። ድስት ለሰርግ ለምነው የከለከልናቸው ሰዎች እዚያ ቆመው እያዩህ ነው።»

«ዕቃውን አልወስድም፤ ባትሪውን ብቻ ነው።»

«ባትሪውም የእድሩ ነው። የገባው በጉባኤ ነው፤ የሚወጣም ከሆነ በጉባኤ ይወጣል።»

አልፈረድኩባቸውም። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ ድስቶቻችን ዛሬ በየሰዉ ጓዳ ተበትነው፣ ድንኳናችንም የአንዱ ጎተራ ሽፋን ሆኖ በቀረ ነበር። ግን የእኛን አገር ጭጋግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ እንዳለ ውሃ ይሆናል። የወሩን ስብሰባ ስጠብቅ በዝናቡ ቁጥር የማስበው ያንን ዱቄት ነበር።

የስብሰባው ዕለት ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ባትሪ የበላቸውን የራሴን ካልኩሌተሮች በካርቶን ይዤ ሄጄ፣ ክዳናቸውን ከፍቼ የተበላውን ብረት እያዞርኩ አሳየሁ። ማስረጃ ሲበዛ ያሳምናል ብዬ ነበር። የዳንግላና የጥሊሊ መስመር ሚኒባስ ሹፌር የሆነው ጎረቤቴ አስማረ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እንዲህ ያለ ሌላም አለህ?»

«ብዙ አለኝ።»

«ሁሉንም ከፍተሃል?»

«ሁሉንም።»

«በዚያች በማጉያ መነጽርህ እያየህ?»

«አዎ፣ አለዚያ የብረቱ ስንጥቅ አይታይም።»

«እህ» አለና ተቀመጠ።

የኔን ማብራሪያ ሁሉ ያቺ «እህ» ዋጠችው። የቀረውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። በአገራችን አሮጌ ሬዲዮና አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ሆዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ ይባላል፤ ውድ ነው፣ የሚፈልገውም ከሩቅ የሚመጣ ሰው ነው ይባላል። በዓይኑ ያየው የለም፤ ያገኘ ሰው የሚያውቅ ዘመድ የሌለውም የለም። ከኋላ መቀመጫ እትዬ ዘውዴ፣ ጎረቤታችን፣ ለሁሉም በሚሰማ ሹክሹክታ «እኔም እኮ ብያለሁ፤ የተማረ ልጅ ለባትሪ ሲል በዚህ ብርድ አይንከራተትም» አሉ።

ጉባኤው ወሰነ። ማሽኑ በብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ ሣጥኑ በሦስት ቁልፍ ይቆለፍ፤ ቁልፎቹም ለሦስት ሽማግሌዎች ይሰጡ። ባትሪው? ባትሪው እንዳለ። እንግዲህ አስቡት፤ ሌባው ውስጥ እያለ በሩን ከውጭ ቆለፉበት።

ከዚያ የሆነው በኔ ሐሳብ የሆነ ስለሆነ የምወቅሰው ሰው የለኝም። አያ ጥሩነህ ቤት ሄጄ፣ «ሁሉም እያየ ልፈታው፤ ሜርኩሪ ከሌለው ባትሪውን አውጥተን እንዝጋው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሁሉም እያየ ከሆነ ይሁን» አሉ።

በቀጣዩ ስብሰባ አዳራሹ ሞላ። ለቀብር እንኳ አርፍደው የሚመጡት ቀድመው የፊት ወንበር ይዘዋል። መሐል ላይ ጠረጴዛ ቀርቦ ነጭ አንሶላ ለብሷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በየተራ ከፈቱ። የባትሪውን ክዳን ሳልሰብር አነሳሁት። ባትሪዎቹ አብጠው ተጣብቀዋል። ቀስ ብዬ ፈልቅቄ አወጣኋቸው፣ ቤቱን በሎሚና በጥጥ ጠረግሁት። ዱቄቱ አንዱን ጥቅልል ብረት እንደ ክር አቅጥኖታል፤ ከዚያ አልፎ ግን አልሄደም። አንድ ክረምት ቢጨመርበት ግን አብቅቶለት ነበር። ደስ ብሎኝ እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ግን ቃል ገብቻለሁ። ብሎኖቹን ፈትቼ ለሁለት ከፈልኩትና ሆዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። «ይኸው፤ ሽቦና ፕላስቲክ ነው፤ ሌላ ምንም የለም» አልኩ።

የዚህ ዓይነት ካልኩሌተር ቁጥሮች የሚበሩት ጠፍጣፋ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከቱቦው አየሩን ከመጠጠ በኋላ የተረፈችውን አየር እንዲውጥ አንዱ ጥግ ላይ ስስ ብረት ይቀባበታል። ይህን አንብቤ አውቀዋለሁ። ትዝ ያለኝ ግን ብርሃኑ ሲያርፍበት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ አንዲት ነገር እንደ ብር አብለጨለጨች።

የፊት ወንበር የያዙት ሁሉ ብድግ አሉ።

«ያቺ የምታበራው ምንድን ናት?» አለ አስማረ፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ።

አስረዳሁ። ስለ አየሩ፣ ስለ መምጠጡ፣ ስለ ስሱ ብረት አንድም ሳላጓድል አስረዳሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሲገባው የሚነቀንቀውና የጠረጠረው ነገር ሲረጋገጥለት የሚነቀንቀው ግን አንድ አይደለም። አያ ጥሩነህ ተነሡ። «በቃ፣ ግጠመው» አሉ። «ሁላችንም አይተናል። ያየነውም ከዚህ አዳራሽ አይውጣ።»

ከሰዓት በኋላ ወሬው ዳንግላ ደርሶ ነበር። አስማረ ሹፌር መሆኑን ነግሬያችኋለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ያ ካልኩሌተር ባትሪው ወጥቶለት፣ በደረቅ ጥጥ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ይኖራል። እኔ ብይዘው እንዲህ አልጠብቀውም ነበር። ዳግመኛ ግን አላየሁትም፤ ሲበራም አላየሁትም። የኔ ስብስብም ከዚያ ወዲህ አንድም አልጨመረም። ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ አሮጌ ካልኩሌተር የሚጥልም የሚሰጥም ሰው ጠፍቷልና። ያመጡልኛል እንጂ፤ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እንድመረምርላቸው። ሜርኩሪ እንደሌለው እነግራቸውና ባትሪውን አውጥቼ እመልስላቸዋለሁ። አመስግነው፣ ከአመጡት በላይ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው ይሄዳሉ።

በቀደም ቅዳሜ ደግሞ አያ ጥሩነህ ራሳቸው መጡ። ከጋቢያቸው ሥር ልጃቸው ተማሪ ሳለ የያዘውን ስስ የፀሐይ ካልኩሌተር አወጡ። እንደ ሥርዓቴ አየሁት፣ ከፈትኩት፣ በስምንት ሞላሁት፣ ለዜሮ አካፈልኩ።

«ምንም የለውም አያ ጥሩነህ። ይኸኛው የመስታወት ቱቦ እንኳ የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ዞር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ካልኩሌተሩን መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎበዝ ልጅ» አሉኝ። «ለሌላውም ሰው እንዲሁ በል።»