ሁለት ፈረንጅ አሰልፋችኋል ተብለን የተከሰስንበት እሁድ

እሺ፣ ቁጭ በሉ። ይህን ለሚስቴ እንኳ ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም።

ዛሬ ልጄ "ዳድ፣ ፖሊስ ስቶፕ አድርጎህ ያውቃል?" አለችኝ። "በጭራሽ" አልኳት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ጠፋና ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ያኔ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ዌርሀውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ለዳንፎርዝ ሰፈር የሐበሻ ልጆች ቡድን ተከላካይ ነኝ። ተከላካይ ስላችሁ እንዳታካብዱት። መሮጥ የማይችል ሰው የሚመደብበት ቦታ ነበር።

ዌርሀውሱ ውስጥ ሬይ የሚባል እንግሊዛዊ ፎርክሊፍት፣ ማለት የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ነጂ ነበረ። ዝምተኛ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋች እንደነበረ ነገረኝ።

እኔ ወዲያው እነዚያን ትልልቅ ስታዲየሞች አሰብኩ። ሬይ ሳቀብኝ።

እሱ የተጫወተው አራተኛ ዲቪዚዮን ነው። ሰሜን እንግሊዝ፣ ዝናብ የማያባራባት ትንሽ ከተማ። በልጅነቱ የትልልቆቹን ጫማ እየቦረሸ ገባ፣ ጉልበቱ እስኪያልቅ እዚያው ቀረ። በሕይወቱ ሁለት ጎል አግብቷል፤ አንዱን በራሱ ቡድን ላይ። ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለትም አሳስተው ነው የጻፉት።

ያን ሁሉ ዘመን ተከላካይ መስመር ላይ አጠገቡ የቆመው አንድ ሰው ነው። ኮሊን። ሬይ በቀኝ፣ ኮሊን በግራ። "ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። መኖሩን ብቻ አውቃለሁ" አለኝ። ስለ ሚስቱ እንኳ እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁም። ሚስቱ ካናዳዊት ነበረች። እሷን ተከትሎ ቶሮንቶ መጣ፣ እሷ ጥላው ሄደች፣ እሱ ቀረ።

እኔም ለቡድናችን አስፈረምኩት። የሐበሻ ሊጋችን ሕግ ለአንድ ቡድን አንድ ፈረንጅ ብቻ ይፈቅዳል። አዎ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ነበረን። አትሳቁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ስልክ ጮኸ።

የኮሊን ሚስት ናት፣ ከእንግሊዝ። ሬይ ቤት ስልክ ስላልነበረው የኔን ቁጥር ነበር ለሰው የሚሰጠው። "ኮሊን ሞቷል። ለሬይ ንገርልኝ" አለችና ዘጋች።

እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት ከአንሰሪንግ ማሽን ነው። የገዛሁትን አስቤዛ እንዳንጠለጠልኩ ወጥ ቤት ቆሜ፣ "አባትህ ዐርፈዋል፣ ደውል" ይላል የአጎቴ ድምፅ። ቢፕ። ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ።

ስለዚህ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሬይ እንደኔ ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማ።

የቡድናችን መሪ ለነበሩት ለጋሽ ታደሰ ደወልኩላቸው።

"ለእሱ ትንፍሽ እንዳትል" አሉኝ። "እሁድ ይጫወት። ሰኞ ማለዳ ጥቁር ለብሰን፣ ምግብ ይዘን፣ ተሰብስበን ሄደን እናረዳዋለን። መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም።"

"ጋሽ ታደሰ፣ ሬይ እኮ እንግሊዛዊ ነው።"

"እንግሊዛዊን እናት አልወለደችውም?"

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሁድ ሜዳው ጭጋግ ነው። ያ ከሐይቁ የሚመጣው፣ ማሊያ የሚያረጥበው። ግቡ ጋ ቆሞ መሐል ሜዳውን ማየት አይቻልም። ተጋጣሚያችን የኖርዝ ዮርክ ልጆች ናቸው።

ቡድናችን በሙሉ መርዶውን ሰምቷል። ሁሉም እየመጣ ሬይን ትከሻውን ይነካዋል። በረኛችን ጌች ብርቱካን ልጦ ሊያጎርሰው ሞከረ። ሬይ ግራ ገብቶት አየው፣ ግን ጎረሰ።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ በግራው ነኝ።

"ግራ፣ ኮል!" ብሎ ጮኸ ሬይ።

እኔን ዳኒ ነው የሚለኝ። ኮል ብሎ የሚያቆላምጠው ኮሊንን ነው፤ ያን ስም ደግሞ ሜዳ ላይ ጠርቶ አያውቅም። ተሳስቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

"ተወው፣ ኮል።" "ውጣ፣ ኮል።"

የሚጣራው ደግሞ ወደኔ አይደለም። በእኔና በእሱ መሐል ወዳለው ባዶ ሜዳ ነው፤ ዞር ብሎም አያይም። የኖርዝ ዮርክ አጥቂዎች እዚያ ባዶ ቦታ ሲደርሱ ወይ ይደናቀፋሉ፣ ወይ ኳሷ ትጠፋቸዋለች። አንዱ ወደቀና "ፋውል ነው" ብሎ ወደ ዳኛው ዞረ። ማን እንደመታው ሲጠየቅ ጭጋጉን አየ።

እኔስ? ቀስ በቀስ ወደ መስመሩ ሸሸሁ። ቦታውን ለቀቅኩለት። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። በዚያ ዓመት ጎል ሳይገባብን የወጣንበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። የኖርዝ ዮርክ አሰልጣኝ ተንደርድሮ መጣና ክስ አስያዘ።

"ሁለት ፈረንጅ አሰልፈዋል።"

ዳኛው ቆጠረን። አሥራ አንድ ነን፣ ፈረንጁ አንድ ነው። እንደገና ቆጠረን።

"ሁለተኛው የታለ?"

"ያ ፀጉረ ቀዩ ነዋ፣ በግራ የነበረው። ልጄን በክርኑ ሲለው ነው የዋለው።"

አጥቂው ማሊያውን ገለጠ። ጎኑ በልዟል።

ጌች እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ሬይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል። ደግነቱ ክሱ በአማርኛ ስለነበር እሱ አልገባውም።

ሰኞ ማለዳ አንድ ቫን ሙሉ ሆነን፣ ጥቁር ለብሰን፣ ድስት ታቅፈን ኢቶቢኮ ሄድን። ሬይ የአንዲት ሴትዮ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቷን ነበር የተከራየው። እንግሊዝኛዬ ይሻላል ተብሎ የማረዳው እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነው የሄድኩት።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሬይ ሙሉ ሱፍ ለብሷል፣ ጥቁር ክራቫት አስሯል።

"ሬይ..." አልኩ። ያ ማሽን፣ ያ አስቤዛ፣ አባቴ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። መርዶ ነጋሪው እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ "ተነገረው" ብሎ እዬዬውን አቀለጠው።

ሬይ አቀፈኝ። ጓደኛው የሞተበት ሰውዬ እኔን ያጽናና ጀመር፤ ውርደት ማለት ይሄ ነው።

"አውቃለሁ፣ ዳኒ" አለኝ ጀርባዬን እየመታ። "ዓርብ የኮሊን ሚስት ዌርሀውስ ደውላ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ፎርክሊፍቱ ላይ ሳለሁ መጥቶ ነገረኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከን?"

"እሁድ ጨዋታ ነበረን። ልጆቹን ማስደንገጥ አልፈለግኩም።"

እኛ ከእሱ ደብቀን፣ እሱ ከእኛ ደብቆ! ብቻውን እንዳይሰማ ያልኩት ሰው፣ ብቻውን ሰምቶ ይዞት ሰንብቷል።

ሬይ ሰዓቱን አየ። "አሁን እዚያ እየቀበሩት ነው" አለ። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ ያ ደረቅ ዓይን አልጣማቸውም። "ይህ ሰው ካላወጣው ይታመማል" አሉኝ።

ልክ ያኔ አከራይዋ በፒጃማ ወረደች። ቤዝመንቷ ውስጥ ጥቁር የለበሰ፣ ደረቱን የሚደቃ ሕዝብ አየች። ምን ታድርግ? ናይን ዋን ዋን ደውላ ፖሊስ ጠራች።

የመጣው ፖሊስ ወጣት ነው። ደጅ አወጣንና ደረጃው ሥር አቆመን።

"የሞተው ማነው?"

"ኮሊን።"

"ዘመዳችሁ ነው?"

"አይደለም።"

"ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማነው?"

እንግሊዝ ነው የሞተው ልል አፌን ስከፍት፣ ጌች ቀድሞኝ እጁን አወጣ። በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛው፣ ረጋ ብሎ፣ "ትናንት ነው። ግራ ስቶፐር ሆኖ ተጫወተልን። አንድም አላስገባም" አለው።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

ሬይ ወደ ጌች ዞረ። "ምን ይመስላል?" አለው በቀስታ።

"ፀጉሩ ቀይ ነው።"

ስለ ኮሊን ፀጉር ሬይ ለማናችንም ነግሮን አያውቅም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በግራው በኩል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቶ ነው የተቀመጠው። ከዚያ እንደ ሐበሻ፣ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ። ጋሽ ታደሰ "በርታ ልጄ" እያሉ ከሬይ በቀኝ ተቀመጡ። በግራ የተቀመጠ የለም።

ቀብሩ ያልቃል ብለን በገመትንበት ሰዓት ምግቡ ቀረበ፤ ፖሊሱም በላ።

በሚቀጥለው እሁድ እኔ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርኩ። ለምን ብዬም አልጠየቅኩ። እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፦ በሞተ ሰው ተቀድሞ ከቋሚ አሰላለፍ የወጣ ሌላ ተከላካይ ታውቃላችሁ፣ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?