የእህቴ ግማሽ እንጀራ

ሰው በአንድ ማዕድ ስንት እንጀራ መብላት እንዳለበት የሚወስነው ማን ይመስላችኋል? ሆዱ? ሐኪሙ? ተሳስታችኋል። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የሚወስነው ጎረቤት ነው። ለማዳበሪያ ስብሰባ፣ ለእርከን ሥራ ስብሰባ፣ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ በሚጠራበት አገር የአንዲት ሴት ሆድ ሳይገመገም የሚቀር መስሏችኋል? እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት እንኳ ያቅተኛል። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም። ስለዚህ ንዴቴን እዚህ ላይ ልወጣው።

ታላቅ እህቴ ዘይነብ ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ስትሄድ ቀጭን ነበረች፤ ስትመለስ ከሚኒባሱ በጎን ነው የወረደችው። ሰፈሩ በደስታ አበደ። አጅባር ገበያ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ክንዷን እየጨበጡ «ማሻ አላህ!» አሉ። እሷ ግን ውሃ አይበቃትም፣ ዳገት ላይ ጉልበቷን ይዛ ትቆማለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ደሟን መርምራ ፊት ለፊት ነገረቻት።

«ስኳርሽ ከፍ ብሏል። ክብደት ካልቀነስሽ ዓይንሽንም እግርሽንም ይጎዳል። በአንድ ማዕድ ከግማሽ እንጀራ አትለፊ። ድንች ወይም ዳቦ ከበላሽ ከእንጀራው ላይ ቀንሺ። ጎመኑን አብዢው።»

ግማሽ። ይኼ ምን ይከብዳል?

እናታችን ግን የሰማችው ሌላ ነው። ከዓረብ አገር መጥታ የከሳች ልጅ ምን እንደሚባልባት ታውቃለች፤ ከአቀስታ ደግሞ ለእህቴ ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች አሉ። ዘይነብ ለብቻዋ ሰሃን ስታወጣ እማዬ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች መሰለች። ከትሪው መለየት በእኛ ቤት መኳረፍ ነው። ግማሹን እሺ አለች፤ ከምሳ በፊት ግን የተቀቀለ ድንች፣ ከምሳ በኋላ የገብስ ቆሎ ታቀርብ ጀመር።

«እማዬ፣ ድንቹም እኮ ይቆጠራል» አለቻት ዘይነብ።

«የሚቆጠር ከብት ነው! ድንች ደግሞ መቼ ምግብ ሆኖ ያውቃል?»

ዘይነብ እንደምንም ታግላ ሁለት ወር ቆየች። ቀሚሷ ሲሰፋ ወሬው ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ ታንጉት በራችን ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «ያ በሽታ ይዟት ይሆን እንዴ?» አለች። እማዬ የዚያን ዕለት ሽማግሌ ጠራች። አዎ፣ ለእንጀራ ሽማግሌ! ለድንበር፣ ለደም፣ ለፍቺ የሚቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ዓርብ ከሶላት በኋላ በእህቴ ሆድ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ ሼህ ይማም፣ «እህል የአላህ ጸጋ ነው፤ መግፋት ነውር ነው።»

«አባባ፣ አልገፋሁም። ለካሁት እንጂ።»

«ምነው፣ ቀሚስ ልታሰፊበት ነው?» አሉ ከጎናቸው ያሉት፤ ሦስቱም ሳቁ። እኔ ጥግ ይዤ ጥርሴን ነከስኩ። የሷ ዓይን ሊጠፋ፣ የእነሱ ሳቅ!

ሼህ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ተማሪ አብራት ነበረች አሉ። አብሽሪ፣ አትፍሪ። ነርሷ ስንት ነው ያለችው?»

ዘይነብ እፎይ ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። እኔ አለሁላታ! ሦስት ጥምጥም፣ የእማዬ የራሰ ዓይን፣ በሩ ላይ ደግሞ እትዬ ታንጉት።

«አንድ» አልኩ።

ተፈረደ። በአንድ ማዕድ አንድ ሙሉ እንጀራ፤ ሰው ቤት ከሄደች የቀረበላትን ሁሉ። ዱአ ተደረገ፤ ምሳ ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹም ፍርዳቸውን በየተራ አጎረሷት። በሽማግሌዎቹ ተናድጃለሁ፣ በእትዬ ታንጉት ተናድጃለሁ፤ የራሴን ግን የት ላድርገው?

ዘይነብ አልተቆጣችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ አንድ ሙሉ እንጀራ ሰሃኗ ላይ ታነጥፋለች፤ ጀርባዋን ስታዞር ዘይነብ ለሁለት ትቀድና ግማሹን ወደ እኔ ትገፋዋለች።

«ብዪ» ትለኛለች። «አንድ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

እበላለሁ። ምን ላድርግ? እሷ ትከሳለች፤ ወሬው ግን ጸጥ አለ። አንድ ሙሉ እንጀራ በሽማግሌ ፊት ተፈርዶላት የምትበላ ሴት እንዴት ታማለች ይባላል? ከአቀስታም ሰዎቹ መጡ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ እትዬ ታንጉት ገባች። የዩኒፎርሜ ቁልፍ አልዘጋ ካለኝ ሰንብቷል። ጉንጬን ቆንጥጣ ለእማዬ፣ «እሰይ! የጅዳው ሲሳይ ለዚችም ተረፈ!» አለቻት።

ሁሉንም ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጉርሻ የምፈልግ መስሏት አጎረሰችኝ።